የጋሼ አራት ቦርሳዎች

ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ፣ እኛ ሰፈር አንድ ጎረቤት አሉን። ስማቸውን ልተወውና ጋሼ ልበላቸው። ቤታቸው ገብቶ የማያውቅ ሰው ከባለቤታቸው ጋር ሲያወሩ ቢሰማ ግራ ይገባዋል።

«አዳማ የት ሄደች?»

«ዚፗ ተበላሽቶ ጫማ ሰፊው ጋ ናት።»

«ባሕር ዳርስ?»

«ሽንኩርት ይዛለች።»

የጉባኤ ቦርሳዎች ናቸው። ጋሼ በኢሕአዴግ ዘመን የድርጅት ጉባኤ ተወካይ ነበሩ። 8ኛው ጉባኤ በ2003 አዳማ ላይ፣ 9ኛው በ2005 ባሕር ዳር፣ 10ኛው በ2007 መቀሌ ተካሄደ። ከሁሉም ቦርሳ አንጠልጥለው ተመልሰዋል። መቀሌ የቤቱን ካርታና የልጆቹን የክትባት ካርድ ይዛ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጣለች። ልጆቹ አሁን ፂም አብቅለዋል።

11ኛው ጉባኤ በመስከረም 2011 እዚሁ ሐዋሳ ሲሆን ሰፈሩ ደስ አለው። ጋሼ ግን ከፋቸው። ሌላ ከተማ ሲኬድ አበል አለ፣ ሆቴል አለ፣ ለቤት የሚገዛ ነገር አለ። አሁን ግን ጠዋት በባጃጅ ሄደው ማታ የቤታቸውን ሽሮ ሊበሉ ነው። «ይሄም ጉባኤ ሆኖ!» አሉ። እንግዶቹ ፍቅር ሐይቅ ዳር ፎቶ እየተነሱ፣ አሞራ ገደል አሳ እየበሉ ሲዝናኑ ጋሼ መንገድ ጠቋሚ ሆነው ከረሙ።

በነገራችን ላይ፣ አሞራ ገደል ያሉትን አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች አስተውሎ ያየ ሰው፣ ጉባኤተኛ ምን እንደሚመስል ለማወቅ አዳራሽ መግባት አያስፈልገውም። ጥቁር ግራጫ ኮት፣ ነጭ ሸሚዝ፣ መላጣ ራስ። አንገታቸውን ቀብረው፣ ፀጥ ብለው ይቆማሉ። አሳ የሚበልተው ልጅ አንጀቱን ሲወረውር ግን ተቃውሞ የለም፣ ድምፀ ተዓቅቦ የለም፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ ነው።

የዚያን ጊዜ ዐቢይ አሕመድ ከ177 ድምፅ 176ቱን አግኝተው ሊቀ መንበር ሆነው ተመረጡ። ሰፈራችን ያቺን አንዷን ድምፅ ፍለጋ ወጣ። ድምፅ የሰጠው የድርጅቱ ምክር ቤት ነው፣ እኔ የምክር ቤት አባል አይደለሁም ብለው ጋሼ ቢምሉ ቢገዘቱ ማን ሰምቷቸው። ባለሱቁ ስኳር በዱቤ ሲሰጣቸው እንኳ ገርመም እያደረጋቸው ነበር።

ከዚያ 2012 መጣና ኢሕአዴግ ከስሞ ብልጽግና ተተካ። ባለቤታቸው እትዬ የሰጡት አስተያየት አጭር ነበር። «ድርጅቱ ከሰመ፤ ዚፑን ግን አሁንም የማሠራው እኔ ነኝ።»

በቀደም ቡና ጠርተውኝ ጨዋታው ወደ አሜሪካ ሄደ። በ1924 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ የዴሞክራቶች ጉባኤ እጩ ለመምረጥ 103 ጊዜ ድምፅ እንደሰጠ ነገርኳቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«መቶ ሦስት? አመራሩ ቀድሞ አልተነጋገረም እንዴ?»

«ተነጋግሮም አልተስማማም። 16 ቀን ፈጀ።»

ፊታቸው በራ። «የ16 ቀን አበል!»

«አበል የለም ጋሼ። ተወካዩ ወጪውን የሚችለው ከኪሱ ነው።»

ዝም አሉ። ለአሜሪካኖች ከልባቸው ሲያዝኑ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ላጽናናቸው ብዬ የጋርፊልድን ጉድ አወራሁላቸው። ምነው አፌን በቆረጠው! በ1880 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ የሪፐብሊካኖች ጉባኤ ነበር። ጄምስ ጋርፊልድ የኦሃዮ ተወካይ ሆኖ የሄደው ጆን ሸርማን የተባለውን ያገሩን ሰው ሊጠቁም ነው። ጠቆመ፤ ጥሩ አድርጎም ተናገረ። ድምፅ ቢሰጥ ቢሰጥ አሸናፊ ጠፋ። 34ኛው ዙር ላይ ጥቂት ተወካዮች ድምፃቸውን ለራሱ ለጋርፊልድ ሰጡት። ብድግ ብሎ «ያለ ፈቃዴ!» ሲል ሰብሳቢው ቁጭ አደረገው። በ36ኛው ዙር እጩ ሆኖ አረፈው። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ።

«ሌላ ሰው ሊጠቁም ሄዶ?» አሉ ጋሼ።

በዓመቱ በጥይት ተመትቶ እንደሞተ ልነግራቸው ስል መስኮት መስኮቱን እያዩ ነበር። አልሰሙኝም።

እሁድ የእድራችን ዳኛ ምርጫ ነበር። ጋሼ ከረባት አስረው፣ ሐዋሳን በትከሻቸው አንግተው መጡ። ገና ስብሰባው እንደተከፈተ እጃቸውን አወጡና አንድ ጡረተኛ መምህር ጠቆሙ። ንግግራቸው ረጅም ነበር። «ካላቸው የካበተ ልምድ በመነሳት» የሚል አለበት። «ከላይ እስከታች» የሚልም አለበት። እድራችን ላይና ታች የለውም፤ ያለው 2 ድንኳንና ወንበር ነው።

መምህሩ «ጉልበቴን ያመኛል» ብለው ሊያመልጡ ሞከሩ። ጋሼ ፈገግ አሉ። ከኋላ አንዲት ሴት እጇን አወጣች። ገና አፏን ሳትከፍት ጋሼ ብድግ አሉ።

«አካሄድ! ያለ ፈቃዴ ስሜ እንዳይጠራ!»

ሴትየዋ ደነገጠች። «እኔ እንኳ የትልቁ ድስት ክዳን ማን ጋ እንደቀረ ልጠይቅ ነበር።»

ክዳኑ ብቻውን ግማሽ ሰዓት በላ። ከዚያ «መምህሩን የምትደግፉ?» ተባለ። መጀመሪያ የወጣው እጅ የጋሼ ነበር። እጃቸው ለምዶባቸው ነው መሰለኝ፣ ከወጣ በኋላ ቀና ብለው የሰው እጅ እንደሚያይ ሰው አዩት። መምህሩ በሙሉ ድምፅ፣ በመጀመሪያው ዙር አለፉ።

አዲሱ ዳኛ ሥራ የጀመሩት ወዲያው ነው። የእድሩ መዝገብ በፌስታል እየዞረ ዝናብ በላው፣ ደህና መያዣ ይፈለግለት አሉ። የሁሉም ዓይን ጋሼ ትከሻ ላይ አረፈ።

ጋሼ ቦርሳዋን ቀስ ብለው አወረዱ። ውስጧ ያለውን ጠረጴዛው ላይ አራገፉ። ክሩ የተበጠሰ ባጅ፣ ያልተጻፈበት ማስታወሻ ደብተር፣ ከአዳራሹ የመጡ 2 ከረሜላዎች። ከረሜላዎቹን መልሰው ኪሳቸው ከተቱና ቦርሳዋን ለጸሐፊው አቀበሉ።

እትዬ ከሴቶቹ መሃል ሆነው ሲያዩ ቆዩና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ሐዋሳም ከሰመች» አሉ።