ሴንት ሉዊስን ያቆመው የዱቤ መዝገብ

የአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ ከተማ ስለ አመሠራረቷ የምትናገረው ታሪክ አጭር ነው። በፌብሩዋሪ 1764 ኦጉስት ሹቶ የተባለ የ14 ዓመት ልጅ 30 ያህል ሠራተኞች ይዞ በሚሲሲፒ ወንዝ ምዕራባዊ ዳርቻ ወረደ፤ አለቃው ፒየር ላክሌድ በመረጠው ቦታ ላይም የመጀመሪያዎቹን ጎጆዎች አሠራ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በኋላ ያለው ትረካ ስለ ጫካ፣ ስለ ቢቨር (ፀጉሩ ለባርኔጣ የሚፈለግ የወንዝ እንስሳ) ወጥመድና ስለ ደፋር ሰዎች ነው። ቤተሰቡን ግን እስከ 1865 ድረስ፣ መቶ ዓመት ሙሉ፣ በፀጉራም ቆዳ ንግድ ውስጥ ያቆየው ወጥመድ አይደለም። የሹቶዎች ዋና ሥራ ከመንግሥት ፈቃድ ማውጣት፣ ሸቀጥ በዱቤ መስጠትና መጋባት ነበር። ቆዳው የዕዳው መክፈያ ነበር።

ፈቃዱ ከተማዋን ቀድሟታል። በ1763 በኒው ኦርሊንስ የነበረው የፈረንሳይ አስተዳደር ማክሰንት፣ ላክሌድ እና ኩባንያ ለተባለ ማኅበር በሚዙሪ ወንዝ ካሉ ሕዝቦች ጋር ብቻውን እንዲነግድ መብት ሰጠው። ገንዘቡ የኒው ኦርሊንሱ ነጋዴ የማክሰንት ነበር፤ ላክሌድ ወንዙን ሽቅብ ወጥቶ ንግዱን የሚመራው ሸሪክ ነው። የሚያስገርመው፣ ፈረንሳይ ያንን አገር በ1762 በምስጢር ውል ለስፔን አሳልፋ ሰጥታው ነበር። በመሬቱ ላይ በተግባር የሚያዝዙት ደግሞ ፈረንሳይም ስፔንም አልነበሩም፤ የአሜሪካ ሕንዳውያን ከሚባሉት የአገሬው ሕዝቦች አንዱ የሆኑት ኦሴጆች ነበሩ። ማን ወደ ምዕራብ እንደሚያልፍ፣ ማን ጠመንጃ እንደሚያገኝ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ከሁለት ወገን ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ የገዥው ፊርማ ተፎካካሪን ያርቃል፣ የኦሴጆች ይሁንታ ደግሞ ቆዳውን ያመጣል። ሹቶዎች ከሌሎች ነጋዴዎች የተለዩት ሁለቱንም በአንድ እጅ ለመያዝ በመቻላቸው ነው።

ዱቤው እንዴት ይሠራ እንደነበር ካልታየ የቀረው አይገባም። ሸቀጡ ከአውሮፓ ይነሳል፤ ብርድ ልብስ፣ ደማቅ የሱፍ ጨርቅ፣ ጠመንጃ፣ ባሩድ፣ ቢላ፣ የብረትና የመዳብ ድስት፣ ወስፌ፣ ጨሌ፣ መስታወት፣ ለፊት መቀቢያ የሚሆን ቀይ ቀለም። የጥይቱ እርሳስ ብቻ ከቅርብ፣ ከሴንት ጄኔቪቭ አካባቢ ማዕድን ይመጣ ነበር። የኒው ኦርሊንሱ ወይም የሞንትሪያሉ ጅምላ ነጋዴ ሸቀጡን ለሴንት ሉዊሱ በዱቤ ያስረክባል። የሴንት ሉዊሱ ትርፉን ጨምሮ ወደ መንደሮቹ ለሚወጣው ነጋዴ በዱቤ ይሰጣል። ያ ነጋዴ በሙቀቱ ወራት ማብቂያ ጀልባውን አስጎትቶ ሚዙሪን ሽቅብ ይወጣና ለአዳኙ ባሩዱንና ብርድ ልብሱን እንደገና በዱቤ ያድላል። ከዚያ የበረዶው ወራት ይጠበቃል፤ እንስሳው ፀጉሩን የሚያወፍረው በብርድ ጊዜ ነውና በሙቀት ወራት የተገደለ ቢቨር ቆዳው ስስ ነው፣ ዋጋም አያወጣም። ነጋዴው ቆዳውን ይዞ የሚመለሰው በጸደይ ነው። ቆዳው እንደገና ተለይቶ፣ ታስሮ፣ ተጭኖ፣ ባሕር ተሻግሮ እስኪሸጥ ድረስ ከትእዛዙ ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ሊሞላ ይችላል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ በየደረጃው ያለው ሰው ባለዕዳ ነው። የለንደን ዋጋ ቢወድቅ፣ ጦርነት ባሕሩን ቢዘጋ፣ ጀልባ በወንዙ ውስጥ ባለ ግንድ ተወግቶ ቢሰጥም፣ ኪሳራው ወደ ታች ይንከባለላል። አዳኙ ያላሟላው ቆዳ ለሚመጣው ዓመት ይዞራል። በመንደር የከረመው ነጋዴ ብዙውን ጊዜ አንድ መንደር፣ አንድ ጀልባ ብቻ አለው፤ አንድ መጥፎ ዓመት ይበቃዋል። መሐል ላይ ተቀምጦ ለብዙ ነጋዴዎች ያበደረው ግን የአንዱን ጉድለት በሌላው ያካክሳል፣ የወደቀውን ሰው ንብረትም በሐራጅ ይገዛል።

በስፔን ዘመን በሴንት ሉዊስ ሳንቲም ብርቅ ነበር። ውል የሚጻፈው፣ ቤት የሚሸጠው፣ ዕዳ የሚቆጠረው በብዛት በቆዳ፣ በተለይም ፀጉሩ በተፋቀ የአጋዘን ቆዳ ክብደት ነበር። ቢቨር ስሙ የገነነ ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን የከተማዋ የዕለት ገንዘብ አጋዘን ነበር። የቆዳ ገንዘብ ደግሞ አንድ ጠባይ አለው፤ ይበላሻል። ሥጋው በደንብ ያልተፋቀ፣ እርጥብ ሆኖ የታሰረ ወይም በጥይት የተበሳሳ ከሆነ ዋጋው ይቀነሳል፤ የሚቀንሰው ደግሞ ሚዛኑን የያዘው ተቀባይ ነጋዴ ነው። ማለትም አበዳሪው የራሱ የገንዘብ መዛኝም ነበር። ስለ ዋጋ ሲወራ ይህች ነጥብ ብዙ ጊዜ ትዘነጋለች፤ እኔ ግን ከወለዱ ይልቅ ትርፉ እዚህ የነበረ ይመስለኛል። ቆዳውን ፍቀው፣ ወጥረው፣ አልፍተው ለሚዛን የሚያበቁት የኦሴጅ ሴቶች መሆናቸውም በመዝገቡ ላይ አይታይም።

ሌላው ጠላት ብል ነው። የተጠቀለለ ፀጉራም ቆዳ በሙቀት ከቆየ ብል ይገባበታል፤ ስለዚህ እስሩ በየጊዜው ተፈትቶ ይራገፋል፣ በዱላ ይመታል፣ በመጭመቂያ እንደገና ይታሰራል። አንድ እስር ወደ 100 ፓውንድ፣ ማለትም 45 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ይህን ጭነት በሐሩሩ የሚሲሲፒ ቁልቁል ወደ ኒው ኦርሊንስ ማውረድ ለፀጉራም ቆዳ አደገኛ ነበር፤ በሰሜኑ መንገድ፣ በታላላቆቹ ሐይቆች ባለው የንግድ ጣቢያ በሚሺሊማኪናክ በኩል ወደ ሞንትሪያል ቢሄድ ግን ብርዱ ይጠብቀዋል። የእንግሊዝ ሸቀጥም ይረክስ ነበር፣ ጥራቱም ይሻላል። ስፔን ደግሞ ከእንግሊዞች ጋር መነገድን ትከለክል ነበር። ኦጉስት ሹቶ የስፔን ገዥዎች ወዳጅ ሆኖ ሳለ ከሰሜኑ ነጋዴዎችና ከለንደን የንግድ ቤቶች ጋር ሒሳብ ከፈተ። ባለሥልጣኖቹም አይተው እንዳላዩ አለፉት፤ ቆዳው ካልወጣ ከተማዋ አትኖርምና።

መሐል መቀመጥ ብቻውን ግን አያድንም፤ ምስክሩ ራሱ ላክሌድ ነው። በ1778 ከኒው ኦርሊንስ ሲመለስ በመንገድ ላይ ሞተ፤ ለማክሰንት ያልከፈለው ከባድ ዕዳ ነበረበት። የሟቹን ሒሳብ ለማክሰንት ያጣራው ኦጉስት ሹቶ ነው፤ የላክሌድን የዱቄት ወፍጮም የገዛው እሱ ነው። መሥራቹ በዕዳ ሲሞት ጸሐፊው ኦጉስት ንብረቱን ወረሰ ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ነገሩ ግን ከዚህ የተወሳሰበ ነው። የኦጉስት እናት ማሪ ተሬዝ ቡርዥዋ፣ ባሏ ሬኔ ሹቶ ጥሏት ወደ ፈረንሳይ ከሄደ በኋላ፣ ከላክሌድ ጋር ኖራ አራት ልጆች ወልዳለች። ሕጉ ፍቺ ስለማይፈቅድ አራቱም በሹቶ ስም ተመዘገቡ። የላክሌድ ንብረት ወደ ሹቶ ስም ሲዞር ከእንጀራ ልጁ እጅ ገባ እንጂ ከቤት አልወጣም።

የዚህች ሴት ቤት የንግዱ እውነተኛ ቢሮ ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም። ሦስቱ ሴቶች ልጆቿ የተዳሩት ለነጋዴዎች ነው፤ ፔላጂ ለላባዲ፣ ማሪ ሉዊዝ ለፓፔን፣ ቪክትዋር ለግራሲዮ። ኦጉስት ራሱ በ1786 የባለጸጋውን የጋብሪኤል ሴሬን ልጅ አገባ። በሚቀጥለው ትውልድ ደግሞ የወንድምና የእህት ልጆች እርስ በርስ ተጋቡ፤ የኦጉስት ወንድም የታላቁ ፒየር ልጅ የሆነው ታናሹ ፒየር ሹቶ ያገባት የአክስቱን የቪክትዋርን ልጅ ኤሚሊ ግራሲዮን ነው። ሸሪኮቹ ፕራት፣ በርቶልድና ካባኔም ሁሉም የቤቱ አማቾች ናቸው። ባንክ በሌለበት አገር አማች ዋስ ነው፤ ዱቤው ቢጠፋ የት እንደሚፈለግ ይታወቃል። ከዚህ ክበብ ውጭ የነበረው ማኑዌል ሊሳ ጎበዝ ነጋዴ ነበር፤ ግን ካፒታል ባስፈለገው ቁጥር ተመልሶ እነዚሁን በር ማንኳኳት ነበረበት።

የኦሴጅ ንግድ በስፔን ዘመን ማብቂያ ከሴንት ሉዊስ የሚዙሪ ንግድ ከግማሽ በላይ ነበር። በ1794 ሹቶዎች ከገዥው ካሮንደሌ ጋር ውል አሰሩ፤ በኦሴጆች አገር ምሽግ በራሳቸው ወጪ ይሠራሉ፣ መንግሥት ለ20 ጠባቂዎች በዓመት 2,000 ፔሶ ይከፍላል፣ እነሱም ለስድስት ዓመት ብቻቸውን ይነግዳሉ። የምሽጉ አዛዥ የኦጉስት ታናሽ ወንድም፣ ታላቁ ፒየር ሆነ። ወታደሩም፣ ዲፕሎማቱም፣ ባለሱቁም አንድ ሰው ነበር። ሊሳ በ1802 ይህን መብት ነጥቆ ለራሱ ሲያሰጥ፣ የሊሳ ፈቃድ ወደማይደርስበት ወደ አርካንሶ ወንዝ ተፋሰስ ብዙ ኦሴጆች ፈለሱ፤ እዚያ የሚነግዱት ሹቶዎች ነበሩ። ፍልሰቱን ፒየር ብቻውን አደረገው የሚለውን አልቀበልም፤ ኦሴጆች የራሳቸው የአደንና የአመራር ምክንያት ነበራቸው። የተጠቀመው ማን እንደሆነ ግን ግልጽ ነው።

አሜሪካ በ1803 ሴንት ሉዊስ ያለችበትን የሉዊዚያና ግዛት ስትገዛ ባንዲራው ተቀየረ፤ ቤተሰቡ አልተቀየረም። ፒየር በ1804 የኦሴጅ መልእክተኞችን ይዞ ዋሽንግተን ሄደ፣ ከፕሬዚዳንት ጄፈርሰንም የአሜሪካ ሕንዳውያን ጉዳይ ወኪልነት ሹመት ተቀበለ። በኖቬምበር 1808 የተፈረመውን ውል ለኦሴጆች ያቀረበው እሱ ነው፤ በዛሬዎቹ ሚዙሪና አርካንሶ 50 ሚሊዮን ኤከር ገደማ፣ ማለትም 20 ሚሊዮን ሄክታር፣ በዚያ ውል ተላለፈ። በምላሹ በጥሬ ገንዘብ 1,200 ዶላርና በየዓመቱ 1,500 ዶላር የሚያወጣ ሸቀጥ ተሰጠ። ካልፈረሙ ንግድ እንደሚቋረጥባቸው ተነግሯቸዋል። ባሩድ ከአንድ ቤት ብቻ የሚገዛ ሕዝብ ይህን ዛቻ ንቆ ማለፍ አይችልም።

በ1825ቱ ውል ነገሩ ይበልጥ ተገለጠ። ኦሴጆች የቀረውን ሰፊ መሬት ሲሰጡ፣ መንግሥት ከሚከፍላቸው ዕዳዎች መካከል ለፒየር ልጅ ለኦጉስት ፒየር ሹቶ 1,000 ዶላር በስም ተጽፏል። መጠኑ ትንሽ ነው፤ አሠራሩ ግን ትልቅ ነው። የአዳኝ ዕዳ በመሬት ውል በኩል የመንግሥት ዕዳ ሆነ ማለት ነው። የቆዳ ነጋዴዎች በሌሎች ሕዝቦች የመሬት ውል ላይም ይህንኑ ሲያደርጉ ቆይተዋል።

የቤተሰቡ ጠበቆች አንድ ተገቢ መከራከሪያ አላቸው፤ ኦሴጆች ለረጅም ጊዜ ብርቱ ተደራዳሪ እንጂ ተለማማጭ አልነበሩም፣ ሹቶዎችም ቋንቋቸውን ይናገሩ፣ ከነሱም ይወልዱ ነበር። እውነት ነው። ኦጉስት ፒየር ኑሮውን በዛሬዋ ኦክላሆማ ከኦሴጅ ሚስቶቹና ልጆቹ ጋር አድርጎ በ1838 እዚያው ሞተ፤ የሞተው ግን በዕዳ ተዘፍቆ ነው። ታናሽ ወንድሙ ፒየር ሴንት ሉዊስ ተቀምጦ መዝገቡን ያዘና ከአገሪቱ ባለጸጎች አንዱ ሆነ። ከሕዝቡ ጋር የኖረው ከሰረ፣ ከመዝገቡ ጋር የኖረው ከበረ።

ይህ ታናሹ ፒየር በ1834 ትልቁ የፀጉራም ቆዳ ነጋዴ ጆን ጃኮብ አስተር ከንግዱ ሲወጣ የአሜሪካን ፈር ኩባንያን የምዕራብ ክፍል ከሸሪኮቹ ጋር ገዛ። ቢቨር እየጠፋ፣ ባርኔጣም ወደ ሐር እየዞረ ስለነበር ወደ ጎሽ ቆዳ አዘነበለ። የጎሽ ቆዳ ከባድ ነው፣ አሥሩ አንድ እስር ይሞላል፤ በፈረስ ብዙ አይጫንም። የለወጠው የእንፋሎት ጀልባ ነው። የሎው ስቶን የተባለችው ጀልባቸው በ1832 በላይኛው ሚዙሪ እስካለው ምሽግ እስከ ፎርት ዩኒየን ድረስ ዘለቀች፤ ሽቅብ ሦስት ወር ያልሞላ፣ ቁልቁል ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጀባት። በ1837 ግን ሴንት ፒተርስ የተባለችው ጀልባ፣ ካፒቴኗ የሸሪኩ ልጅ ታናሹ በርናርድ ፕራት፣ ፈንጣጣ ይዛ ወጣች። በመርከቧ ሕመም ከታየ በኋላም ጉዞው አልተቋረጠም፤ የዓመቱ ሸቀጥ የተጫነባት ጀልባ ብትመለስ የዓመቱ ዱቤ ሁሉ ይከስር ነበርና። በላይኛው ሚዙሪ ይኖሩ ከነበሩት፣ ወደ 1,600 ይገመቱ ከነበሩት የማንዳን ሕዝብ የተረፉት ከ150 አይበልጡም።

የቤቱ መዝገብ ሰዎችንም በንብረትነት ይቆጥር ነበር። ስፔን የአሜሪካ ሕንዳውያንን ባርነት በ1769 ከልክላ ነበር፤ ከእነዚሁ ሕዝቦች አንዱ የሆነው የናቼዝ ሴት የልጅ ልጅ የሆነችው ማርገሪት ሲፒዮን ግን በታላቁ ፒየር ሹቶ እጅ በባርነት ነበረች። ቤተሰቧ በ1805 የጀመረው ክርክር በ1836 በነጻነታቸው ተፈረደ፤ ፒየር ይግባኙን እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወስዶ በ1838 ተመለሰበት።

የንግዱ መጨረሻም ከመንግሥት ጋር የተያያዘ ነው። በ1855 የአሜሪካ ጦር የኩባንያውን ምሽግ ፎርት ፒየርን በ45,000 ዶላር ገዛ፤ ወታደሮቹ ሲገቡ ያገኙት የተጎሳቆለ ምሽግ ነበር፣ በሁለት ዓመት ውስጥም ትተውት ወጡ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ኩባንያው ለደቡብ ያደላል የሚል ጥርጣሬ በዋሽንግተን በረታበት። በ1865 የላይኛው ሚዙሪ ምሽጎቹን ሸጠ፤ ታናሹ ፒየርም በዚያው ዓመት ሞተ። ካፒታሉ ግን ቀደም ብሎ ወደ ብረት ማዕድንና ወደ ባቡር ሐዲድ ተሻግሮ ነበር።