ብናኙ ትንሽ ስለሆነ ብቻ ሄፓን አያልፍም

ለሌዘር መለኪያህ በምትሠራው የንጹሕ አየር ሳጥን ላይ «ሄፓ ማጣሪያ ከ0.3 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ያነሰውን ብናኝ ስለሚያሳልፍ ገንዘብ ማባከን ነው» ብለሃል። ወንድሜ፣ ይሄ ብዙ ሰው የሚደጋግመው ነገር ነው፣ ግን ስህተት ነው።

ሄፓ ወንፊት አይደለም። ውስጡ የተጠላለፈ ቀጭን የመስታወት ክር ነው። ትልቁ ብናኝ አየሩ ሲታጠፍ አብሮ መታጠፍ ስለማይችል ክሩን መትቶ ይቀራል። በጣም ትንሹ ደግሞ የአየር ሞለኪውሎች ከየአቅጣጫው እየገፉት ወዲያ ወዲህ ሲንቀዠቀዥ የሆነ ክር ላይ መለጠፉ አይቀርም፣ እንዲያውም ባነሰ ቁጥር ለመያዝ ይቀላል። የሚያስቸግረው መካከለኛው ነው፣ 0.3 ማይክሮን አካባቢ ያለው። ሄፓ ብናኝን 99.97 በመቶ ይይዛል የሚባለው ቁጥር እኮ ሆን ተብሎ እዚያው ከባዱ ቦታ ላይ የሚለካ ነው! ከዚያ በላይም በታችም ያለውን የተሻለ ይይዛል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ማራገቢያውን አየር ከሳጥኑ ስቦ እንዲያወጣ መግጠምህ ነው። አዙረው። ሲስብ የውስጡ ግፊት ከክፍሉ ያንስና በየስንጥቁ ያልተጣራ አየር ይገባል። በማጣሪያው በኩል ወደ ውስጥ ሲገፋ ግን ስንጥቅ ቢኖርም በእሱ የሚወጣው ንጹሕ አየር ነው። የማጣሪያውን ጠርዝ በጋስኬት (ክፍተት በሚደፍን ላስቲክ) በደንብ ዝጋ፣ ማራገቢያውንም ከሳጥኑ አርቀህ በተጣጣፊ ቱቦ አገናኘው፣ ንዝረቱ ልኬትህን ያበላሻል።

ሳጥኑ ውስጥ አልኮል የምትጠቀም ከሆነ ግን ትነቱን ሄፓ አይዝም። ለእሱ አክቲቭ ካርቦን (ትነትን የሚይዝ የተዘጋጀ ከሰል) ያስፈልግሃል።