እኩል ማጥፋት ገለልተኝነት ነው ያለው ማነው?

"ከሁለቱም ወገን እኩል አጥፍተናል። እኛ ገለልተኛ ነን።"

ይህን ማን እንደጻፈው አናውቅም። የተጻፈው በግሩፑ ስም ነው። ግሩፑ ግማሽ ድሬዳዋ የሚያነበው የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ስሙን አልጠራም፣ የድሬ ልጅ ያውቀዋል። ባለፈው ሳምንት የባጃጅ ታሪፉን ክርክር ጠራርገው ካጠፉ በኋላ መጀመሪያ የሰጡን ማብራሪያ ይህችው ብቻ ናት።

ክርክሩ ላመለጣችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። አንዲት ሴት እዚሁ ድሬ ውስጥ ከታይዋን ሰፈር ወደ ሳቢያን ስትሄድ መሸባት። ባለባጃጁ እጥፍ ጠየቃት። ከፍላ ቤቷ ገባችና ጻፈች፦ "ታሪፍ የሚባል ነገር አለ ወይስ የለም? ካለ ማታ ማታ የት ይሄዳል?" ስድብ የለበትም። የሰሌዳ ቁጥር እንኳ አልጠቀሰችም።

ከስሯ አንድ ሾፌር መለሰላት። ቤንዚን ለመቅዳት ከሌሊት ጀምሮ እንደሚሰለፍ ጻፈ። ወረፋው ሳይደርሰው ሲቀር ከጥቁር ገበያ በሃይላንድ እንደሚገዛ፣ በዚያ ዋጋ ገዝቶ በታሪፍ ቢጭን ደግሞ ማታ ለባለንብረቱ የሚያስገባው ገቢ እንደማይሞላለት አስረዳ። ደህና መልስ ነበር። እኔ በበኩሌ ስለ ባጃጅ ዋጋ ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ አንብቤ አላውቅም። ከዚያ ሌላ ሾፌር መጣና "ብር ከሌለሽ በእግርሽ አትሄጂም?" ብሎ ጀመረ። የቀጠለበት እዚህ የሚጻፍ አይደለም።

አድሚኑ ምን አደረገ? ሙልጭ አድርጎ ጠረገው። የሴትዮዋን ጥያቄ፣ የመጀመሪያውን ሾፌር መልስ፣ የሁለተኛውን ስድብ፣ መሀል የገባውን ሰው ሐሳብ ሁሉ። ከዚያ ሴትዮዋንም ተሳዳቢውንም ለአንድ ሳምንት እንዳይጽፉ ዘጋባቸው። አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ። ሚዛን ተጠበቀ ማለት ነው።

አቦ! ይሄ ነው ሚዛን?

ጠያቂና ተሳዳቢ ሁለት ወገን አይደሉም። ወገን ካልን ተሳፋሪና ባለባጃጅ ናቸው፣ እነሱ ደግሞ በደንብ እየተነጋገሩ ነበር። አንዷ ጠየቀች፣ አንዱ መለሰ። ሦስተኛው ገብቶ በጠበጠ። መሪ የሚያስፈልገው እዚህች ጋ ነው፤ በጥባጩን ነጥሎ ለማውጣት። የእኛ አድሚን ግን ማን እንደበጠበጠ ለማየት ማንበብ ነበረበት። ማንበብ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ሁሉንም አጠፋና ስንፍናውን "ገለልተኝነት" የሚል ካባ አለበሰው።

እሺ፣ እኩል ነው እንበል። ለማን ነው እኩል? ተሳዳቢው ምን አጣ? ስድቡን ጽፏል፣ ተነቦለታል፣ ወዳጆቹ ስቀውለታል። ቢጠፋበትም አይቆጨውም። ሴትዮዋ ያጣችው ጥያቄዋን ነው። የመጀመሪያው ሾፌር ያጣው ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ አንድም ክፉ ቃል ሳይናገር፣ ስንት ደቂቃ ቁጭ ብሎ የጻፈው ጽሑፍ ደብዛው ጠፋ። ማንም ይቅርታ አልጠየቀውም። እሱ በየትኛው ወገን ተቆጥሮ ነው? በሂሳቡ ውስጥ የለም። "እኩል" የሚባለው ነገር ሁሌም እንዲህ ነው የሚሠራው። ጮክ ያለውንና ጨዋውን ደርቦ ይመታል፣ ጮክ ያለው ነገ ይመለሳል፣ ጨዋው ግን "ምን አገባኝ" ብሎ ይቀመጣል። ዛሬ ግሩፑ ውስጥ የሚጽፉት እነማን እንደሆኑ ተመልከቱ። ዝም ያሉትንም አስቡ። ማን እንዳጣራቸው ይገባችኋል።

ደግሞ የተሳዳቢነትን ዋጋ አስሉት። ከአሁን በኋላ የማትወዱት ጥያቄ ግሩፑ ላይ ከተነሳ መከራከር አይጠበቅባችሁም። አንድ ሰው ልካችሁ ማሰደብ ነው። አድሚኑ መጥቶ ሁለቱንም ይጠርግላችኋል። ባለጌ አንድ ሳምንት ይታገዳል፣ ጥያቄው ግን ለዘላለም ይጠፋል። ከዚህ የረከሰ ዝም ማሰኛ ከየት ይመጣል? በግሩፑ ያየኋቸው የጦፉ ክርክሮች ሁሉ መጨረሻቸው ይሄው ነው። ዳርም ሆነ መሀል ላይ አንድ ተሳዳቢ አይጠፋም፣ ከዚያ መጥረጊያው ይመጣል። ግጥምጥሞሽ ነው በሉኝና ልስማችሁ።

ሌላው የሚያበሽቀኝ አጠፋፉ ነው። ዋትስአፕ ላይ መልእክት ሲጠፋ ቢያንስ መጥፋቱ ተጽፎ ይቀራል። ቴሌግራም ላይ ምንም የለም። ዘግይቶ የገባ ሰው ክርክር መኖሩንም አያውቅም። አድሚኖቹ ግን ያውቃሉ። ማን ምን እንደሰረዘ የሚያሳይ መዝገብ አላቸው፣ ለ48 ሰዓት ይቆያል፣ የሚታየውም ለአድሚን ብቻ ነው። በላዩ ላይ አድሚኑ ስሙን ደብቆ በግሩፑ ስም መጻፍ ይችላል። እንግዲህ የተሰረዘው አይታይም፣ ሰራዡ አይታይም፣ ምክንያቱም አይታይም። ከዚያ በኋላ "ገለልተኛ ነን" ይሉናል። በምን እንወቅላችሁ?

ከሰዓት በርጫ ላይ፣ ጫት ይዞ የተቀመጠ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ወሬው ሲጦፍ፣ አንዱ ሲያበዛ፣ ከጥግ አንዱ ትልቅ ሰው "አንተ፣ አሁንስ አበዛኸው፣ እሱ ይጨርስ" ይለዋል። የተባለው ይሰማል፣ ለምን እንደተባለ ይሰማል፣ ማን እንዳለውም ይታያል። ትልቁ ሰው ካዳላ ደግሞ "ያንተ ጓደኛ ሲያወራ የት ነበርክ?" የሚለው አይጠፋም። ድሬ ላይ አንቱታ የለም፣ ሰባ ዓመት ቢሞላህም ይባልልሃል። የሰው ፊት እያዩ ማድላት ከባድ ነው። ከግሩፑ ስም ጀርባ ተቀምጦ ማድላት ግን ቀላል ነው።

አድሚኖቹ ከተወቀሱ በኋላ ሌላ መከራከሪያ አመጡ፦ "ስድስት ነን፣ ከሁሉም ብሔር አለን።" ሳነብ ሳቄ መጣ። 40-40-20 የሚባለውን የሥልጣን ክፍፍል ኮታ በእንቅልፉ የሚያሰላ ከተማ ውስጥ እየኖርን ኮታ ሊያስተምሩን! ማን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ መንገር፣ የተቀመጠው እንዴት እንደሚፈርድ አይናገርም። ደግሞ የባጃጅ ዋጋ ብሔር የለውም። ከለገሃሬም ተሳፈሩ ከገንደ ቆሬ፣ ከመሸ እጥፍ ነው። ብሔር ባልነበረበት ክርክር ላይ ብሔር ያመጡት ራሳቸው ናቸው።

አንዱ ደጋፊያቸው ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን መዘዘብን። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ነው። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የሚሰራጭ ሐሰተኛ መረጃ ላይ ቅጣቱን ያከብደዋል፣ ስለዚህ አድሚኖቹ መጠንቀቃቸው ልክ ነው ይለናል። ጥንቃቄውን አልጠላም። ግን አዋጁን አንብቦታል? የጥላቻ ንግግር የሚለው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመስርቶ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳውን ነው። "ታሪፍ አለ ወይስ የለም?" ከየትኛው ይመደባል? እንዲያውም አዋጁ ይነሳ ካላችሁ፣ በሴትነቷ የሰደባትን ሰው ቀድማችሁ ፈትሹ። እሱ ግን የተቀጣው ከእሷ እኩል ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንኳ አይባልም፣ ሁለቱንም አብሮ መምታት ነው።

የአድሚን ሥራ ቀላል ነው አላልኩም። ደሞዝ የለውም። ሌሊት ሌሊት "በቀን ይህን ያህል ብር ያግኙ" የሚል አጭበርባሪ ሲነቅሉ የሚያድሩ አሉ፣ እነሱን አመሰግናለሁ። አጭበርባሪ መንቀልና ተሳፋሪ ማገድ ግን አንድ ሥራ አይደለም።

የመጨረሻዋ መልስ የታወቀች ናት። "ግሩፑ የግል ነው፣ ያልተመቸው ይውጣ።" የግል ሲሆን የግል፣ ሲሻው "የድሬ ሕዝብ ድምፅ" እያለ ማስታወቂያ የሚሰበስብ ግሩፕ ነው ይህን የሚለን። ወጥተን የት እንሂድ? ሰው ሁሉ እዚያ ነው። ክረምት ላይ ከላይ ከደጋው ሲዘንብና ከተማውን የሚያቋርጠው ወንዝ ሲሞላ "ደቻቱ መጣ" የሚለውን መጀመሪያ የምንሰማው ከየት ነው? በ1998 ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ወስዶብናል። ያን ጊዜ ቴሌግራም አልነበረም። ዛሬ አለ፣ ዛሬ ደግሞ የወንዙን ዳር የምታይ ሴት ስለ ባጃጅ ስለጠየቀች አንድ ሳምንት ሙሉ ምንም እንዳትጽፍ ተዘግቶባታል። ወቅቱ ክረምት ቢሆን ይህን እገዳ ማን ይጠየቅበታል? በግሩፑ ስም የሚጽፈው ስም የለሽ ሰውዬ?

ፌስቡክ ስንት ነገር እንዳበላሸ እናውቃለን። እሱ እንኳ ከውሳኔው በላይ የሚያይ ቦርድ አለው። ከኢትዮጵያ የሄደ የአማርኛ ፖስት ጉዳይ ቦርዱ ዘንድ ደርሶ ታኅሣሥ 2014 ላይ ተወስኖበታል። ጸሐፊው አላሸነፈም፣ ፖስቱ እንዲወርድ ነው የተወሰነው። ግን ለምን እንደወረደ ምክንያቱ በዝርዝር ተጽፎ ለሁሉም ወጣ። ሰው ተሸንፎም በምን እንደተሸነፈ ማወቅ ይችላል። የእኛዎቹ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብለው ተቀምጠዋል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሕጉን ጽፋችሁ ከላይ ስቀሉት፣ ከክርክሩ በኋላ ሳይሆን ከክርክሩ በፊት። ስትሰርዙ ማን እንደሰረዘና ለምን እንደተሰረዘ በአንድ መስመር ጻፉ። ለዚህ የሚሆን ቻናል መክፈት ሻይ እስኪፈላ አይፈጅም። የሴትዮዋን እገዳ ዛሬ አንሱ። የሾፌሩን መልስ ስክሪንሾት ያነሳ ሰው ካለ ይለጥፈው፣ እናንተም አትንኩት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ እስካሁን ያላነሳሁት ይሉኝታ ይዞኝ ነው። ክርክሩ በተጠረገበት ዕለት ከግሩፑ አናት ላይ ፒን ተደርጎ የነበረው በዱቤ የሚሸጥ የባጃጅ ማስታወቂያ ነበር። ማስረጃ የለኝም፣ ክስም አላቀርብም። ግን ከማስታወቂያ ከፋይ ጋር የሚነካካ ክርክር ሲነሳ፣ ገንዘቡን የተቀበለው አድሚን እጁን ከክርክሩ ላይ ያንሳ። ሌላው ይየው። ስድስት ነን ብላችሁናል።