ዲያቬልን ሳትነዷት ለምትፈርዱባት ሁሉ

ጎበዝ፣ ዛሬ ሆዴ ውስጥ የከረመውን ላውጣው። ዱካቲ ዲያቬል የምትባለውን ሞተር ሳይክል ይዞ መውጣት ማለት የመንገደኛውን ሁሉ አስተያየት ተሸክሞ መግባት ማለት ነው። ነዳጅ ልቅዳ ብዬ ስቆም አንዱ ይጠጋኛል። መብራት ሲይዘኝ ከጎኔ ያለው መኪና መስኮቱን ያወርዳል። ዘመድ ልጠይቅ ብሄድ እንኳ የእኔ ጤና ሳይጠየቅ የጎማዋ ስፋት ይነሳል። ሁሉም የሚለው አያጣም። የነዳት ግን ከስንት አንድ ነው።

የመጀመሪያዎቹ የጎማ ሊቃውንት ናቸው። ጎንበስ ብለው የኋላውን ጎማ ያያሉ። ከንፈራቸውን ይመጣሉ። ከዚያ ፍርዱ ይመጣል፦ «ይቺ ለቀጥታ መንገድ እንጂ ለኩርባ አትሆንም!»

እሺ፣ ጎማው ያስፈራል። ስፋቱ 240 ሚሊ ሜትር ነው። ከብዙ የቤት መኪና ጎማ ይሰፋል። ይህን የሚያህል ጎማ የለመድነው ደግሞ ለመታየት በተሠሩ፣ መታጠፍ ሲመጣ ግትር በሚሉ ሞተር ሳይክሎች ላይ ነው። ጥርጣሬው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ግን ሰው እንዴት አንዴ እንኳ ቅርጹን አያይም? ፒሬሊ ይህን ጎማ የሠራው ለዚቹ ሞተር ብሎ ነው። እንደ ስፖርት ሞተር ጎማ ጎበጥ ያለ ነው። ስለዚህ ስታጋድላት ትጋደላለች፣ እስከ 41 ዲግሪ ድረስ። ክሩዘር ከሚባሉት (ዝቅ ብለው፣ ተዝናንቶ ለመንዳት ከተሠሩት) ሞተሮች ብዙዎቹ እዚያ ከመድረሳቸው በፊት እግር ማሳረፊያቸው አስፋልት ይፍቃል። በ2011 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለገበያ ስትቀርብ የሞከሯት የሞተር ጋዜጠኞችም ደጋግመው የጻፉት እንዲህ ትታጠፋለች ብለው አለመጠበቃቸውን ነው።

እውነተኛውን ችግር ልንገራችሁ ስል ደግሞ የሚሰማኝ የለም። የምታስቸግረው ስትበር አይደለም፣ ቀስ ስትል ነው። ጠባብ ቦታ ላይ ልዙር ስትል መሪው ይከብዳል። ወደ ኩርባ ስትገባም መጀመሪያ ገፋ ማድረግ ትፈልጋለች፤ ከገባች በኋላ ትረጋለች። ይህ እንግዲህ ጎማው አዲስ እያለ ነው። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ብቻ ስትነዳት ከርመህ የጎማው መሐል ከተበላ፣ ያኔ በእርግጥ አልታጠፍም ትላለች። ጎማ መቀየር ነው። የ240 ጎማ ሒሳብ ደግሞ... ተዉት፣ እሱ ለብቻው ሌላ ብሶት ነው።

ሁለተኛዎቹ የመደብ ጠባቂዎች ናቸው። እነዚህ ይብሳሉ። የክሩዘር ወዳጁ ያያትና «ይሄማ ክሩዘር አይደለም፣ ክሮሙ የታለ? እግር የሚዘረጋበት የታለ?» ይላል። የስፖርት ሞተር ወዳጁ ደግሞ «ወንበሯ መሬት ሊነካ፣ ርዝመቷ የተንዛዛ፣ ይቺ የሽማግሌ ናት» ይላል። ሁለቱም የእኛ አይደለችም ይላሉ። ሁለቱም ዓይናቸውን አይነቅሉላትም።

አንድ ሰው ተረጋግቶ ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። በ2010 መጨረሻ ሚላኖ ላይ ለሕዝብ ስትታይ ይዛ የመጣችው ኢንጂን ከፋብሪካው የራሱ ስፖርት ሞተር፣ 1198 ከሚባለው የተወሰደ ነው። 1198 ሲሲ፣ 162 የፈረስ ጉልበት። ስፖርቱ ላይ የማስገቢያውና የማስወጫው ቫልቮች አብረው ተከፍተው የሚቆዩት የኢንጂኑ ዘንግ 41 ዲግሪ እስኪዞር ያህል ነበር (ከጋደሎዋ ጋር ቁጥሩ መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው)። ለዲያቬል የመጣው ላይ ወደ 11 ወረደ። ይህ የተደረገው በዝቅተኛ ዙር ኢንጂኑ እንዳይነጫነጭ ነው። ወንበሯ ከመሬት 770 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቷ ያለ ነዳጅና ያለ ዘይት 210 ኪሎ። በዚያው ዘመን በጉልበቱ የሚፈራው የያማሃው ቪማክስ ሁሉ ነገር ተሞልቶለት 310 ኪሎ ነበር። ልዩነቱ የነዳጅና የዘይት ብቻ አይደለም። እግር መዘርጋት ለሚወዱትም በ2016 ኤክስዲያቬል መጣችላቸው፤ እግር ወደ ፊት፣ በሰንሰለት ፋንታ ቀበቶ። እሷንም አሟት።

ሦስተኛዎቹ ነድተዋታል። አንጀቴ የሚያርረው እዚህ ላይ ነው።

ጓደኛ ነው፣ አይከለከልም፣ ቁልፉን ትሰጠዋለህ። አንድ ዙር ዞሮ ይመለሳል። ሄልሜቱን ሲያወልቅ ዓይኑ ፈጧል። «ክንዴን ልትነቅለው ነበር!» በቃ። ግምገማው አለቀ። ሌላው ደግሞ ፋብሪካው ከዜሮ እስከ መቶ በ2.6 ሰከንድ ያለውን እንደ ዳዊት ይደግምልሃል።

እስቲ ልጠይቅ። ያ 2.6 ሰከንድ በቀን ውስጥ መቼ ነው የሚመጣው? ቀንህ የሚያልፈው በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ፣ ከፊትህ ያለው መኪና የፍሬን መብራት ላይ አፍጥጠህ ነው። ስለዚያ ሰዓት የሚያወራ ጠፋ። ትልቅ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር የነዳ ሁሉ እንደሚያውቀው በደቂቃ ከ3000 ዙር በታች ነገሩ መንገጫገጭ አለው። ያ 11 ዲግሪ አለሰለሰው እንጂ አላጠፋውም። ማርሽ ዝቅ ታደርጋለህ፣ ፍሪሲዮኑን በሁለት ጣት ትይዛለህ፣ ነዳጁን በልክ ትሰጣለህ። መግዛት ለሚያስብ ሰው የሚጠቅመው ይሄ ነበር። ሙቀቱስ? የኋላው ሲሊንደር ያለው እዚያው ጭንህ መሐል ነው። ስትሄድ ሙቀቱን ነፋስ ይወስደዋል። ስትቆም ወዴት ይሂድ? ወደ አንተ ነዋ! ፀሐይ ከላይ፣ ኢንጂን ከታች። ያን ጊዜ ስለ ፈረስ ጉልበት ያወራልኝ ሰው አላጋጠመኝም።

ሌላም አለ። የመጀመሪያዋ ዲያቬል ማርሹንና ሞዱን (የመረጥከውን የአነዳድ ዓይነት) የሚያሳየውን ስክሪን የምታገኘው ሰልባቲዮው ላይ ነው። ሲያዩት ያምራል። ለማየት ግን አገጭህን ደረትህ ላይ መድፋት አለብህ፤ መንገዱን ማን ያይልህ? ረጅም መንገድ ላይ ደግሞ የነፋስ መከላከያ ስለሌላት ፍጥነት ስትጨምር አየሩ ሙሉ በሙሉ ደረትህ ላይ ነው። ሰልባቲዮው 17 ሊትር ነው፤ እጅህ ከቀበጠ ማደያ መፈለግህ አይቀርም።

«ኧርባን» የሚባለው ሞድ ሲነሳ ደግሞ ሳቅ በሳቅ ይሆናሉ። ጉልበቱን ወደ 100 ፈረስ ያወርደዋል፣ የጎማ መንሸራተት መቆጣጠሪያውንም ያጠብቀዋል። «የልጆች ነው» ይሉሃል። ወንድሜ፣ 100 የፈረስ ጉልበት የልጆች የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው? ዝናብ ጥሎ፣ አስፋልቱ ዘይት አውጥቶ፣ አንተ ደክሞህ ወደ ቤትህ ስትገባ በሰላም የሚያስገባህ እሱ ነው። «ቱሪንግ» የሚባለው ሞድ 162ቱን ይዞ በለሰለሰ እጅ ይሰጥሃል፤ እሱም አያሳፍርም። ስፖርት ሞድ ላይ አድርጎ መብራት ላይ የሚያስጓራውን አይቼ ብቻ እስቃለሁ።

አሁን ደግሞ አዲስ ነዝናዛ መጥቷል። «አሮጌዋን ሽጠህ ቪ4 አትገዛም?» ምን ቀላል አለ! በ2023 የመጣችው ዲያቬል ቪ4 ባለ አራት ሲሊንደር ናት፤ 1158 ሲሲ፣ 168 የፈረስ ጉልበት። ቆማ ስትሠራ የኋላ ሁለቱ ሲሊንደሮች ያርፋሉ፣ ያ የጭን ጥብስ እንዲቀንስ ነው። የቫልቭ ፍተሻዋ በ60,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ የመጀመሪያዋ ላይ በ24,000 ነበር። ጥሩ ነው፣ አልዋሽም፣ እቀናለሁ። ግን ቫልቮቿ የሚዘጉት እንደ ብዙው ሞተር በሞላ ነው። ፋብሪካው ከ1950ዎቹ ጀምሮ የኮራበት፣ ቫልቩን ያለ ሞላ እየገፋ የሚዘጋው ዴዝሞ እሷ ላይ የለም። እና ምን ሆነ መሰላችሁ? ትናንት «ዴዝሞ ጥገናው ያስለቅሳል» ሲሉ የነበሩት ራሳቸው ዛሬ «ዴዝሞ የሌለው ዱካቲ ምኑን ዱካቲ ሆነ» ይላሉ። ኧረ ባካችሁ አንዱን ያዙ!

በመጨረሻ፣ «አንዴ ከኋላ ጫነኝ» ለምትሉኝ። የኋላው ወንበር እንደምታዩት ትንሽ ነው። እግር ማሳረፊያው ከስር ታጥፎ ተደብቋል፣ ዘርጉት። መያዣም አለ፤ ከወንበሩ ኋላ ተስቦ ይወጣል። እሱን ያዙ፣ ወገቤን ልቀቁኝ።