«አይታወቅም» የሚለውን መልስ ለልጆቻችን አንንፈጋቸው

ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ስር ተቀምጬ ሳለ የጎረቤታችን ልጅ የፊዚክስ ደብተሯን ይዛ መጣች። አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት። «ጋሼ፣ ኤሌክትሮን እንደ ሞገድ ይሰራጫል ተባልን። ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ ግን አንዲት ነጥብ ነው። የቀረው ሞገድ የት ገባ?» አለችኝ። ክፍል ውስጥ ጠይቃ ነበር። የተመለሰላት «ፈተና ላይ አይመጣም» የሚል ነው።

እኔ እውነቱን ነገርኳት። አይታወቅም።

«እኛ አናውቅም ነው ወይስ ማንም?» አለች። ማንም። ዓይኗ ሲበራ አየሁ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚያ ነው።

የፊዚክስ ሊቁ ሃይዘንበርግ የአቶምንና የኤሌክትሮንን ጠባይ የሚገልጸውን የኳንተም ሒሳብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ተመድም 2025ን የኳንተም ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዓመት ብሎት ነበር። ቀመሩ ግሩም ይሠራል። የስልካችን ቺፕም ሌዘርም ያለ እሱ አይታሰቡም። ምን ማለት እንደሆነ ግን ዛሬም ስምምነት የለም። ኔቸር መጽሔት በ2025 ከ1,100 በላይ ተመራማሪዎችን ጠይቆ ነበር። ብዙ ደጋፊ ያገኘው አተረጓጎም እንኳ ያገኘው 36 በመቶ ብቻ ነው።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ አንዱ ነው። በከተማችን ወንዝ በደቻቱ ላስረዳ። ድሬ ላይ ሰማዩ ጠርቶ፣ ጠብ ሳይል፣ ደረቁ አሸዋ በጎርፍ ይሞላል። የድሬ ሰው ግራ አይገባውም፤ ደጋው ላይ ዘንቧል። የ1998 ዓ.ም. ጎርፍን ያየ ይህን አይረሳም። እዚያ የሆነው እዚህ የሚደርሰው ውሃው መንገዱን ተጉዞ ነው፤ ጊዜም ይፈጃል። አሁን ሁለት የተጠላለፉ፣ ማለትም በኳንተም ሕግ እርስ በርስ የተሳሰሩ፣ ቅንጣቶችን አስቡ፤ አንዱ ድሬ፣ ሌላው ሐረር። በአንድ ቅጽበት ስንለካቸው ውጤታቸው ይያያዛል። በመሀል ግን የሚወርድ ጎርፍ የለም።

«ሲለያዩ ተስማምተው ይሆናላ!» ትሉ ይሆናል። አንስታይንም ያደላው ወደዚያው ነበር። የፊዚክስ ሊቁ ጆን ቤል ግን እ.ኤ.አ. በ1964 አንድ ነገር አሳየ። ነገሩ ቅድመ ስምምነት ብቻ ከሆነ፣ ውጤቶቹ ሊያልፉት የማይችሉት ወሰን አለ። ሲለካ ወሰኑ ታለፈ። ክላውዘር፣ አስፔ እና ዛይሊንገር በ2022 ኖቤል የተሸለሙት በዚህ ሥራ ነው። ደግሞ በዚህ መንገድ ከሐረር ድሬ አንዲት ፊደል እንኳ መላክ አይቻልም። ታዲያ ተያያዡ ምንድን ነው? ተፈጥሮ ምን እያለችን ነው?

በኳንተሙ ዓለምና በዕለት ተዕለቱ ዓለም መካከል ያለው ድንበርስ የት ነው? ኤሌክትሮን የሞገድ ጠባይ አለው፤ ከፊራ ገበያ የተደረደረው ቲማቲም ግን አያሳየንም። እ.ኤ.አ. በ1999 ቪየና ውስጥ 60 የካርቦን አቶሞች ያሉት ሞለኪውል እንደ ሞገድ ሆኖ ታየ። በ2019 እስከ 2,000 አቶም ያላቸው ሞለኪውሎች ተሞከሩ፤ እነሱም እንደዚያው። የ2025 የፊዚክስ ኖቤል ደግሞ በእጅ ሊያዝ በሚችል የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ላይ የኳንተም ጠባይ ላሳዩት ለክላርክ፣ ለዴቮሬ እና ለማርቲኒስ ተሰጠ። ድንበሩ እስካሁን አልተገኘም።

አንዳንድ መምህራን ወዳጆቼ «ማትሪክ አለባቸው፤ ቀመሩን ይያዙ፣ ይበቃል» ይሉኛል። የጊዜ ጥበቱ ይገባኛል። ግን ጥያቄውን ያላየ ልጅ ቀመሩን ሸምድዶ፣ ፈተና ጽፎ፣ በሳምንቱ ይረሳዋል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ፊዚክስ ሌሎች ሰርተው የጨረሱት ነገር ይመስለዋል። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዚያ መስሎኝ ነበር፤ ለዓመታት። የቤተ ሙከራ እጦትም እውነት ነው፤ ያመናል። ግን የቤል ሥራ ሒሳብ ነበር። ወረቀት ደግሞ ድሬም አለ።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የኳንተም ምዕራፍ ሲያልቅ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ላልተመለሱት ጥያቄዎች ይሰጥ። ፈተና አይኑረው። መምህሩ አይታወቅም ለማለት አይፈር።

ልጅቷ ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሳ መጣች። «ጋሼ፣ የምንለካበት መሣሪያስ ከአቶም የተሠራ አይደል እንዴ? ታዲያ እሱ ራሱ ለምን እንደ ሞገድ አይሆንም?» አለች። ፕሮፌሰሮች ዛሬም የሚከራከሩበት ጥያቄ ይሄ ነው። ማንም ሳይነግራት፣ አቦ፣ በራሷ ደረሰችበት። ደብተሯን ተቀብዬ ቀኑን ጻፍኩላት። ጥያቄውን ራሷ ጻፈች።