ይድረስ ለ«15 ዓመቱ» አምፖል

ለክቡር ኤልኢዲ አምፖል፣
ካሉበት ካርቶን ውስጥ።

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከብርሃንዎ ናፍቆትና ከደብረ ብርሃን ብርድ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በስልኬ መብራት ነው። ሳሎን የተሰቀለው ወንድምዎ ሐሙስ ማታ አርፏል። በተሰቀለ በ19ኛው ቀን። ወንድ ልጅ ቢሆን ክርስትና ሳይነሳ ሞተ ተብሎ ይለቀስለት ነበር።

አሟሟቱን ልንገርዎ። ቡና ተፈልቶ ቶናው እየተቀዳ ሳለ ድርግም አለ። እናቴ «ወሰዱት» አለች። እኛ ቤት ሲጨልም የመጀመሪያው ቃል ይሄ ነው፤ ማን ወሰደው፣ ወዴት ወሰደው ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም። ሻማ ተለኮሰ። ጋቢያችንን ተከናንበን በረካውን ጠጣን፤ መብራት አጠፋብን ያልነውን ሰው፣ ማን እንደሆነም ሳናውቅ፣ ከነዘር ማንዘሩ አንድ ሰዓት ሙሉ አማነው። ከዚያ ልጄ «ፍሪጁ ግን ለምን ይጮሃል?» አለች። ጆሯችንን ቀሰርን። እውነቷን ነው፣ ፍሪጁ ያጉረመርማል። ባለቤቴ መጋረጃውን ገለጥ ብታደርግ ሰፈሩ በሙሉ ቦግ ብሏል። በጨለማ የተቀመጥነው እኛ ብቻ ነን። ጎረቤት ምን እንዳለን እንጃ፤ ሱባኤ ገቡ ብሎ ይሆናል።

አንቱታውን እዚህ ላይ ላብቃ። ያንተን ዕድሜ ያህል ቆይቷል፣ ይበቃል።

የተገናኘንበትን ቀን ታስታውሳለህ? የደሴ መንገድ ዳር ካለች አንዲት የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ነው። ካርቶንህ የሰርግ መጥሪያ ይመስላል። «18 ዋት» ይላል። ከሥሩ «ከ150 ዋት እኩል» ይላል። ከሱ ሥር ደግሞ በወርቅ ቀለም «15 ዓመት»። ባለሱቁ ጠረጴዛው ላይ ካለው መሞከሪያ ሰካህና ሦስት ሰከንድ አበራህ። «ይኸው፣ ሠራ» አለኝ። ዋስትና አለው ወይ ብለው «ኦሪጅናል ነው» አለ። ጥያቄዬና መልሱ እንደማይገናኙ የገባኝ ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው። ለአንዱ 120 ብር እየከፈልኩ ከነወንድሞችህ ገዛሁህ። አጠገብህ የነበረው፣ ዝም ብሎ የተቀመጠው፣ ካርቶኑ ላይ ወርቅ የሌለበት፣ 300 ብር ነበር። «ምን በወጣኝ» ብዬ አለፍኩት።

እስቲ 15 ዓመትህን እንተሳሰብ። ካርቶንህ ጎን፣ ጉንዳን በጻፈው ፊደል፣ «15,000 ሰዓት» ይላል። በቀን ሦስት ሰዓት ብቻ ብትበራ 13 ዓመት ከምናምን ይሆናል፤ አንተ ወደ 15 አስጠጋኸው። በቀን ሦስት ሰዓት ብቻ የሚያመሽ ቤት ግን የት ነው ያለው? የእኛ ማዕድ ቤት ስድስት ሰዓት ያበራል፣ እዚያ ሰባት ዓመት እንኳ አትሞላም። ደግሞ በደህናዎቹ ኤልኢዲዎች ዘንድ ይህ የሰዓት ቁጥር ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ቺፑ (ብርሃን የምትሰጠው ትንሿ ነጥብ) ደክሞ ብርሃኑ ከመጀመሪያው ወደ 70 በመቶ እስኪወርድ ያለውን ጊዜ ነው የሚናገረው። ውስጥህ ስላለው ሌላ ኮተት ማንም ቃል አልገባም።

ኮተቱን በዓይኔ አይቼዋለሁ። የሳሎኑን ወንድምህን ሬሳ ከፍቼ መርምሬያለሁ። ነጩን ክዳን በቢላዋ ጫፍ ስፈነቅለው 12 ቢጫ ነጥቦች ተደርድረዋል፤ ከአንዷ መሃል ላይ የቁንጫ ያህል ጥቁር ጠብታ አለች። ነገሩ ሁሉ እሷ ናት። ነጥቦቹ በአንድ መስመር፣ አንዱ የሌላውን ጭራ ይዞ ነው የተቀጠሉት። አንዷ ስትቃጠል መንገዱ ይቆረጣል፣ 11ዱ ጤነኞች ቁጭ ብለው ይጨልማሉ። የአንዷን ጥፋት ሁሉም ይከፍላል፣ እንደ ክፍል አለቃ ቅጣት። ከሥር ያለውን ድራይቨር ሳወጣው ደግሞ ካፓሲተሩ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትንሹ በርሜል፣ አናቱ አብጧል። ድራይቨሩ ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ቺፖቹ ወደሚችሉት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ነው። ደህና አምፖል ቮልቴጁ ሲወጣ ሲወርድ ወደ ቺፑ የሚሄደውን ከረንት እኩል አድርጎ ይይዛል። ያንተው ግን መብራት ሄዶ በጉልበት ሲመለስ ጉልበቱን እንዳለ ለቺፑ ያሳልፋል። አቀባይ ነው እንጂ ጠባቂ አይደለም።

ሙቀት ገደለኝ እንዳትለኝ ብቻ። ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እኛ በርኖስ ደርበን እየተንቀጠቀጥን አንተ በሙቀት ሞትክ ብትል ማን ያምንሃል? (እውነት ለመናገር የምታሳብበት አለህ። ብርሃንህ ባያቃጥልም የቺፑ ጀርባ ይሞቃል፤ ሙቀቱን ስቦ የሚያወጣው አንገትህ ላይ ያለው አሉሚኒየም ነው፣ ያንተው የማስቲካ ወረቀት ያህል ስስ ነው። መታጠቢያ ቤት ደግሞ በተዘጋ የመስታወት ክዳን ውስጥ አፍኜህ ነበር። እሱ የኔ ጥፋት ነው፣ እቀበላለሁ። የሳሎኑ ግን የመስታወት ክዳን አልነበረውም።)

የደፈርከው ከተማ ደግሞ! አጼ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን እዚህ ሳሉ ከሰማይ ብርሃን ታያቸው ይባላል፤ ደብረ ብርሃን የተባልነው በዚያ ነው። ብርሃኑ ሃሌይ የምትባለው ጅራታም ኮከብ ሳትሆን አትቀርም የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1456 ሰማይ ላይ ታይታለች። እንግዲህ ልብ በል። ይቺ ኮከብ በየ76 ዓመቱ ገደማ ትመለሳለች። ከ560 ዓመት በላይ ቀጠሮ አላፈረሰችም፣ የሚቀጥለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2061 ነው። ካርቶን የላትም። በወርቅ ቀለም የተጻፈባት ነገር የለም። ኦሪጅናል ናት።

ዘርህም ቢሆን የሚያሳፍር አይደለም እኮ። አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ የሚባሉ ሦስት ሊቃውንት ሰማያዊ የሚያበራ ኤልኢዲ ለመሥራት ስንት ዓመት ለፍተው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ሰማያዊው ላይ ፎስፈር የሚባል ቢጫ ዱቄት ተቀብቶ ነው ነጭ የሆንከው። ከእንዲህ ያለ ቤት ወጥቶ ሳሎኔን የጣርማ በር ዋሻ ያስመሰለ ልጅ ምን ይባላል?

በሕይወት ሳለህስ ምን ሠራህ? በበዓል ቀን እንግዳ ጠርተን፣ ወንድሜ ያንተን ብርሃን አምኖ ቀይ ወጡን አልጫ መስሎት አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ዋጠ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ባለቤቴ የሁለት ቀን ቁሌት ነው የሠራችው፤ አንተ በርበሬውን አመድ አስመሰልከው። ሳሎናችን የመርፌ ክፍል መሰለ፣ ሁሉም ሰው የታመመ ይመስላል። ለካ 6500 ኬልቪን ነህ። ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ይነጣል። ለሳሎንና ለመኝታ ቤት ሞቅ ያለው ቢጫ፣ 2700 ወይም 3000 የሚለው ነው፤ ማዕድ ቤት 4000 ይሄዳል። ቀለምን በትክክል ለማሳየት ደግሞ ሲአርአይ የሚባል ቁጥር አለ፣ ከመቶ ነው፣ ቢያንስ 80 መሆን አለበት። ካርቶንህ ላይ ፈለግሁት። የለም። የሚያኮራ ቢሆን በወርቅ ትጽፈው ነበር።

ጎረቤታችን እትዬም ከስሳህ ነበር፣ ይሄን ግን እኔው ራሴ ተከራከርኩልህ። ጫጩቶቿ ሳጥን ውስጥ በአሮጌው 60 ዋት ይሞቁ ነበር፤ እሱ ሲቃጠል አንተን ሰቀለችላቸው። ጠዋት ስትከፍተው አንድ ላይ ተቆልለው እየተንቀጠቀጡ አገኘቻቸው፤ ሳጥኑ ግን እንደ ስታዲየም በርቷል። አሮጌው አምፖል እኮ ከሚበላው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን በሙቀት የሚጨርስ፣ ብርሃንም የሚሰጥ ምድጃ ነበር አልኳት። በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ በወር 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል፤ ደህና 9 ዋት ኤልኢዲ ያንኑ ብርሃን በ1.35 ይሰጣል። «ለጫጩቶቼ ይሄን ንገራቸው» አለችኝ።

አሁን ወደ 18 ዋትህ። አልዋሽህም፣ በጣም ስለተናደድኩ ነው ያደረግሁት። ከመታጠቢያ ቤቱ ያወጣሁህን፣ ያልሞትከውን፣ ሰቅዬ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ነቀልኩ፤ ፍሪጁን ጨምሮ። ከዚያ ጋቢ ለብሼ ቆጣሪው ሥር ቆምኩ። ቆጣሪያችን ላይ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 1000 ብልጭታ ይላል። 18 ዋት ከሆንክ ቀይዋ መብራት በየ3 ደቂቃ ከ20 ሰከንዱ ብልጭ ማለት አለባት። የስልኬን ሰዓት ያዝኩ። 3 ከ20 አለፈ። ውሻ ጮኸ። 5 ደቂቃ ሞላ። ጎረቤት በአጥሩ በኩል «ምነው ደህና ነህ?» አለኝ፣ አምፖል እየመዘንኩ ነው አልኩት፣ ዝም ብሎ ገባ። በ6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ብልጭ አለች። ደገምኩት፣ ያው ነው። ዘጠኝ ዋት ነህ ወንድሜ። ግማሽ ነህ።

ዋት የምትበላው ነው። የምትሰጠው ሉመን ነው። በሬ በሚበላው ጭድ ተለክቶ አያውቅም፣ በሚያርሰው እንጂ። አሮጌው 60 ዋት 800 ሉመን ገደማ ነበር፤ ደህና ኤልኢዲ ይህን በ8 ወይም በ9 ዋት ይሰጣል። ካርቶንህን አገላብጬ አየሁት፣ ሉመን የሚል ቃል የለበትም።

ስለዚህ ትናንት ያንን 300 ብሩን ገዛሁት። መጀመሪያ ሉመኑን አየሁ፣ 806 ይላል። ኬልቪኑን አየሁ። ከስንት ቮልት እስከ ስንት እንደሚችል አየሁ፣ ሰፋ ያለ ነው። በእጄ መዘንኩት፣ ከበድ ይላል። መሞከሪያው ላይ በርቶ ሳለ የስልኬን ካሜራ ደቀንኩበት፤ አንተን ሳነሳህ ጥቁር መስመሮች እንደ ሜዳ አህያ ይጋልቡብህ ነበር፣ በሰከንድ መቶ ጊዜ ስለምትርገበገብ ነው፣ ራስ ምታቴም ካንተ ሳይሆን አይቀርም። እሱ ላይ ጭረትም የለም። ባለሱቁ «አምፖል ነው እኮ ወንድሜ፣ ሚስት አይደለም» አለኝ። ደረሰኝ አስጻፍኩት። አንገቱ ላይ የተገዛበትን ቀን በእስክሪብቶ ጽፌያለሁ።

አንድ ወንድምህ ኮሪደር ላይ ቀርቷል። እሱ ጭራሽ አልሞት አለ። ሳጠፋው እንኳ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ጅብ ዓይን ጭል ጭል ይላል፤ እናቴ ጸበል ልትረጨው ነበር፣ በስንት ልመና ተወችው። የሰፈራችን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥቶ አየው። ማብሪያ ማጥፊያው የሚቆርጠው ኒውትራሉን፣ የመመለሻውን ሽቦ ነው እንጂ ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን አይደለም፣ አምፖሉ ጠፍቶም ኤሌክትሪክ ይደርሰዋል፣ ከቆጣሪው ሳታጠፋ እንዳትነካው አለኝ። ከዚያ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ወደ ታች አየኝና «ችግሩ ምን መሰለህ፣ ፌዙ አልተቆረጠም» አለ።

ከዚህ ዘር ጋር ፌዙ መቼ ተቆርጦ ያውቃል አልኩት።

ከሰላምታ ጋር፣
ቆጣሪ ሥር የቆመው፣ ከደብረ ብርሃን