መጀመሪያ ይገምቱ፣ ከዚያ ሞተሩ ይነሳ

ካም ሲሽከረከር በላዩ ያረፈውን ፎሎወር ከፍ ዝቅ የሚያደርግ የማሽን አካል ነው። የመኪና ሞተር ቫልቮች የሚከፈቱት በካም ነው። የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ሁሉ ይማረዋል። ቤተ ሙከራ ሲገባ ግን ብዙ ጊዜ የሚሠራው አንድ ነገር ነው፦ ካሙን በእጅ ቀስ እያደረገ ያዞራል፣ ከፍታውን ይለካል፣ ግራፍ ይሥላል። ይህ ጂኦሜትሪ ነው እንጂ ዳይናሚክስ፣ ማለትም የኃይልና የእንቅስቃሴ ጥናት፣ አይደለም።

ዳይናሚክሱ የሚመጣው ማሽኑ ሲፈጥን ነው። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር የኢነርሺያው (የፎሎወሩ እንቅስቃሴውን ያለመቀየር ዝንባሌ) ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። የሆነ ፍጥነት ላይ ፎሎወሩን ወደ ካሙ የሚገፋው ሞላ ካሙ ላይ ይዞ ማቆየት ያቅተዋል። ፎሎወሩ ይዘላል፣ ተመልሶም ካሙን ይመታል። ድምፁን የሰማ ተማሪ አይረሳውም።

ሙከራው በዚህች ቅጽበት ላይ ቢያተኩር እላለሁ። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ግን ተማሪው የመዝለያውን ፍጥነት አስልቶ ይጻፍ። ከመሃሉ 5 ሚሊሜትር ፈቀቅ ብሎ የሚዞር ክብ ካም እንውሰድ። በላዩ ጠፍጣፋ ፎሎወር አለ፣ 0.5 ኪሎ ግራም። ሞላው ለአንድ ሜትር 2000 ኒውተን የሚጠይቅ፣ ቀድሞ 10 ሚሊሜትር የተጨመቀ ነው። ካሙ ፎሎወሩን 10 ሚሊሜትር ስለሚያነሳው ጫፍ ሲደርስ የሞላው ጭመቃ 20 ሚሊሜትር ይሆናል፤ በ40 ኒውተን ይጫነዋል፣ የራሱ ክብደት 5 ገደማ ይጨምራል። ስሌቱ በደቂቃ 1280 ዙር አካባቢ ይሰጣል። ፎሎወሩን 1 ኪሎ ብናደርገውስ? በግማሽ ይወርዳል ብሎ የሚገምት አይጠፋም። የሚወርደው ግን ወደ 950 ነው።

አሁን ሞተሩ ይነሳ፣ ስትሮቦስኮፑም (በፍጥነት ብልጭ ድርግም እያለ የሚዞረውን ነገር የቆመ አስመስሎ የሚያሳይ መብራት) ይብራ። የተለካው ቁጥር ከተሰላው ጋር ልክ ላይገጥም ይችላል። ትምህርቱ ያለው እዚህ ልዩነት ውስጥ ነው። ሞላው ራሱ ክብደት አለው፤ አንድ ሦስተኛው ገደማ ከፎሎወሩ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል። ፎሎወሩ የሚንሸራተትበት ቀዳዳ ፍትጊያ አለው። ሞተሩም በእያንዳንዱ ዙር ውስጥ ፍጥነቱ ትንሽ ይዋዥቃል። ነጥብ መሰጠት ያለበት ልዩነቱን ላስረዳ ተማሪ ነው። ቁጥር ስላልገጠመ ነጥብ የምንቀንስ ከሆነ ተማሪው ቁጥሩን ያስተካክላል፤ ያኔ ሙከራው ሞተ።

ሁለተኛው ሙከራ የካሙ ቅርጽ ላይ ይሁን። ፓራቦሊክና ሳይክሎይዳል ካሙ ፎሎወሩን የሚያነሳባቸው ሁለት የእንቅስቃሴ ዓይነቶች ናቸው። በወረቀት ላይ ፓራቦሊክ እንቅስቃሴ ያሸንፋል፤ የአክስለሬሽኑ (የፍጥነት ለውጡ) ጣሪያ በቀመሩ ያለው ማባዣ 4 ሲሆን የሳይክሎይዳሉ 6.28 ነው። ነገር ግን ፓራቦሊኩ አክስለሬሽኑን በቅጽበት ይቀይራል፣ ስለዚህ በከፍተኛ ፍጥነት ማሽኑን ያንቀጠቅጠዋል። ሳይክሎይዳሉ ከዜሮ ተነስቶ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ተማሪው ሁለቱን በአክስለሮሜትር (አክስለሬሽን መለኪያ) አወዳድሮ ይየው።

«ሲሙሌሽን (በኮምፒውተር አስመስሎ መሞከር) አይበቃም ወይ?» የሚሉ አሉ። ለዝግጅት ጥሩ ነው። ሆኖም ሲሙሌሽን የሚመልሰው ያስገባነውን ነው፤ ሞላው ክብደት የለውም ካልነው፣ የለውም ይለናል። የማሽኑ ጉዳት ያሳሰበው ደግሞ መከላከያ ሽፋን ይግጠም፣ በመዝለያው ፍጥነትም ለሰከንዶች ብቻ ያቆየው። ከዚያ ተማሪው የሞላውን ጭመቃ ይቀይርና አዲስ ግምት ጽፎ እንደገና ያስነሳው።